ኡርጌ የጠራችው ሽማግሌ

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። አብዮቱ መጣና ንጉሡን አወረደ። ሰማዩ ግን እስከ ዛሬ አልታረሰም፤ በወንጪ ዳገትም የማይከሰስ ሰው አልጠፋም። ስሙ ብቻ ተለወጠ። ትናንት ጭቃ ሹም የነበረው ዛሬ ሊቀመንበር ሆነ፤ ትናንት «ጌታዬ» ሲሉት የሚኮራው ዛሬ «ጓድ» ሲሉት ይኮራል። ፊቱ ሲቀርቡ አንገት የሚሰበረው ግን በዚያው በድሮው ልክ ነው።

የኡርጌ አንገት አይሰበርም። ይህ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው በሽታ ነው፤ መድኃኒትም አልተገኘለትም።

የባኮ ልጅ ናት፤ የቆላ፣ የበቆሎ አገር ሰው። ኤጄታ የሚባል ዝምተኛ የወንጪ ገበሬ ፈረስ ሊሸጥ ባኮ ወርዶ፣ ፈረሱን ሳይሸጥ እሷን አፈናጥጦ ተመለሰ። ደጋ ስትወጣ ስለ እንሰት የምታውቀው ነገር ቢኖር ፍሬ የማይሰጥ ሙዝ መሆኑን ብቻ ነበር። የባሏ ዘመዶች ሳቁባት። «የበቆሎ ልጅ» አሏት። አማቷ ደግሞ «ይህች ልጅ እንሰቱን ጠብሳ ልትግጠው ነው» እያሉ በየለቅሶው አወሩባት። ኡርጌ አልመለሰችም፤ ተከለች። ከቤቷ ጓሮ ድንጋይ እየለቀመች፣ ጉድጓድ እየቆፈረች፣ ችግኙን ከቦታ ቦታ እያዛወረች ተከለች። ዓመታት አለፉ። ያ ሁሉ ያሾፈባት ዘመድ በክረምት ቆጮ ሲያልቅበት በእሷ አጥር በኩል ማለፍ አበዛ። «እንደምን ዋልሽ» ማለት ድንገት የሁሉም ሰው አመል ሆነ።

ኤጄታ በሐምሌ ብርድ ሳንባውን ታሞ ሞተ። የወለዷት አንዲት ልጅ ጌዶ ተድራለች። ኡርጌ ከአንዲት የሣር ቤት፣ ከጥቂት የገብስ መሬትና ከዚያ ከጓሮ እንሰት ጋር ቀረች።

የሐዘኑ ሰሞን ሳያልፍ ቦጂያ መጣ።

ቦጂያ የኤጄታ ታላቅ ወንድም፣ ለኡርጌ ዋርሳዋ ነው። ሰፊ ደረት፣ ሰፊ አፍ፣ ጠባብ ማሳ ያለው ሰው ነው። በዚያ አገር ልማድ ባል ሲሞት ሚስቱን ወንድሙ ይወርሳል፤ ከነቤቷ፣ ከነመሬቷ። ወራሹም ብዙ አይናገርም፤ በትሩን ከቤቷ ምሰሶ አስደግፎ ይሄዳል። በትሩ እዚያው ካደረ ነገሩ አለቀ፤ ሴትዮዋም ምሰሶውም በትሩም የእሱ ናቸው።

ቦጂያ በትሩን አስደግፎ ወጣ። ኡርጌ በሁለት ጣቷ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያዝ ይዛ፣ ከአጥሩ ውጭ ጣለችው። በማግስቱ ደግሞ አመጣው። ደግማ ጣለችው። በሦስተኛው በትሩን ተወና ከብቶቹን ይዞ መጣ፤ ጓሮዋ ለቀቃቸው። በሬዎቹ ለምለሙን ቅጠል ሲገነጣጥሉ እሱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

«ስሚኝ» አላት። «ወይ መሬቱን ከነአንቺ፣ ወይ መሬቱን ያለ አንቺ። ምረጪ።»

«ሦስተኛ ነገር አለ» አለች ኡርጌ፤ ድንጋይ አንስታ በሬውን ወገቡ ላይ መታችው። «እኔና መሬቱ፣ ያለ አንተ።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። ቦጂያ ሞፈሩን ሊቆርጥ መጥቶ ነበር፤ የደጃፉን ባለቤት ግን አላወቃትም።

ኡርጌ ከሰሰች። የዘመኑ ዳኛ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ነው፤ የሸንጎው ሊቀመንበር ደግሞ ሙለታ። ሙለታ የጭቃ ሹም ልጅ ነው። አባቱ ሰፊውን ሕዝብ በጅራፍ ይነዱት ነበር፤ ልጁ ሰፊውን ሕዝብ በስብሰባ ይነዳዋል። ጅራፉ ይሻል ነበር የሚሉ አሉ፤ ቶሎ ያልቃል። ሦስት ሳምንት ካድሬዎች አሠልጥነውት ሲመለስ የካኪ ኮት፣ አንድ ቆብና ሃያ የሚሆኑ ከባድ ቃላት ይዞ መጣ። ኮቱንና ቆቡን ማታ ያወልቃቸዋል፤ ቃላቱን ግን ሲተኛም አያወልቅም ትላለች ሚስቱ።

ሙለታ ክሱን ሰማ። ቆቡን አስተካከለ።

«ጓድ ኡርጌ፣ ያንቺና የጓድ ቦጂያ ቅራኔ የመደብ ቅራኔ አይደለም። በሰፊው ሕዝብ መካከል የተፈጠረ ቅራኔ ነው። በሰፊው ሕዝብ መካከል የተፈጠረ ቅራኔ ደግሞ በውይይት ይፈታል።»

«ከማን ጋር ነው የምወያየው?»

«ከጓድ ቦጂያ ጋር ነዋ።»

«ቦጂያ የላከብኝ በሬዎቹን ነው። ከበሬው ጋር ልወያይ?»

ሰው ሳቀ። ሙለታ ጠረጴዛውን መታ። «ሥነ ሥርዓት! እዚህ ሸንጎ ነው! ሽማግሌ ጠርታችሁ በሽማግሌ ታረቁ። ሸንጎው የቤተ ዘመድ ነገር አይዳኝም።»

«እህ!» አለች ኡርጌ። «አምና ሽማግሌ የፊውዳል ርዝራዥ ነው ብለህ ኦቦ ባይሳን ከስብሰባ ያስወጣሃቸው አንተ አይደለህ?»

ሙለታ ትንሽ አሰበ። «ያኔ ተጨባጩ ሁኔታ ሌላ ነበር።»

ተጨባጩ ሁኔታ ትናንት ማታ ቦጂያ ቤት የጨበጠው የአረቄ ጠርሙስ እንደሆነ የማያውቅ ሰው በስብሰባው አልነበረም። ሰፊው ሕዝብ ሁሉንም ያውቃል፤ የካድሬዎቹ ጽሑፎች እንደሚሉት። ያወቀውን ግን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይህን ደግሞ ጽሑፎቹ አይሉም።

ወንዝ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር። ኡርጌ ዳኛ ፍለጋ አምቦ ወረደች። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትላክ ውላ መጨረሻ ላይ አንድ ሹም ዘንድ ደረሰች፤ ግድግዳው ላይ ጢም ያላቸው ፈረንጆች ተሰቅለዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ይጨሳል። ሰውዬው እንግዳወርቅ ይባላል። ከሸዋ ማዶ የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ፣ ግን የኦሮሞ ገበሬ ምን እንደሚያስፈልገው በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።

«እባክዎ ጌታዬ» አለች ኡርጌ፣ ገበያ በለቀመችው አማርኛ።

«ጓድ በይኝ።»

«እባክዎ ጓድ። ዋርሳዬ ልውረስሽ፣ አለዚያ መሬትሽን ልቀቂ አለኝ።»

እንግዳወርቅ ከልቡ አዘነ። «ግን እኮ ሴቶች ነፃ ወጥተዋል! አልነገሯችሁም?»

«መንገዱ ጭቃ ነው ጌታዬ። ወሬው እኛ ጋ አልደረሰም።»

«እንዲህ ከሆነ የሸንጎውን ውሳኔ አምጪና ይግባኝ በይ።»

«ሸንጎው አልወስንም አለ።»

«እንግዲያው አልወስንም ብሎ የወሰነበትን ውሳኔ አምጪ።»

ኡርጌ ሰውዬውን አየችው። ፌዝ አይደለም፤ ከምሩ ነው። «እባክዎ» አለች ደግማ። ሰውዬው የሻዩን ስኳር እያማሰለ «ትግሉ ይቀጥላል» አላትና ሌላ ባለጉዳይ ጠራ።

ትግሉ ቀጠለ፤ በእግር፣ ሽቅብ፣ ወደ ወንጪ።

በማግስቱ ኡርጌ ከጓሮዋ ጥግ እንሰት ትፍቅ ነበር። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ እዚያ ወንድ አይደርስም፤ ነውር ነው። ወንዱ ሌላውን ሁሉ ይወርሳል፤ መፋቂያውን ግን አይነካም፤ ሥራው ያለበት ቦታ ሁሌም ለእሱ ነውር ነው። በዚህ የተነሣ የመፋቂያው ጥግ በአገሩ ሁሉ የወንድ ጆሮ የሌለበት ብቸኛ ሸንጎ ሆኗል።

እዚያ ድንቅቱ መጣች። ድንቅቱ የቦጂያ ሚስት ናት፤ የአምስት ልጆች እናት፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትቆጣ ድምፅዋ የወንጪን ሐይቅ ተሻግሮ የሚሰማ ሴት።

«አንቺ የበቆሎ ልጅ!»

«ደህና አደርሽ ድንቅቱ።»

«ደህና አላደርኩም! በባሌ ላይ ምን አድርገሽበት ነው? ጣውንት ልትሆኚኝ ነው? በስተርጅናዬ?»

ኡርጌ መፋቁን አላቆመችም። «በትሩን ስወረውር አላየሽም? ክንዴ ዝሏል እኮ። ካልሆነ አሥረሽ ያዢው፤ እኔ ደክሞኛል።»

ድንቅቱ ለመሳቅ አልመጣችም፤ ግን አመለጣት። ሳቋን ልትውጥ ፊቷን ስታዞር ግማሹ የተፋቀ ግንድ አየች። ግማሹ የተፋቀ እንሰት አይቶ ዝም ብሎ የሚቆም የወንጪ ሴት የለም። ተቀመጠች፤ ሌላውን መፋቂያ አነሣች።

የቀርከሃውን መፋቂያ ሁለት ሦስቴ ሳበችው።

«እሱ አንቺን አይደለም የፈለገው» አለች ድንቅቱ። «እንሰትሽን ነው። የእኛው በበሽታ አለቀ፤ ጠውልጎ ጠውልጎ ጥቁር ሆነ። በመጪው ክረምት ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ?»

«እየሰደብሽኝ ነው ወይስ እያጽናናሽኝ?»

«ሁለቱንም።»

ኡርጌ ጭማቂውን ከእጇ አራገፈች። «ችግኝ እሰጥሻለሁ።»

ድንቅቱ እጇ ቆመ። «ንጹሕ? ያልታመመ?»

«የእኔ እንሰት ታሞ ያውቃል? በሽታው የገባባችሁ በታመመ እንሰት ላይ ያረፈውን ቢላ ሳታቃጥሉ እየቆረጣችሁበት ነው፤ ስንቴ ልንገራችሁ።»

«ስድቡን ተይውና፣ ችግኝ ዛሬ ተተክሎ ነገ አይበላም። እስኪደርስስ?»

«እስኪደርስ ከእኔ ጉድጓድ ቆጮ ትወስጃለሽ።»

«እንዲሁ በነፃ?»

«የት አየሽ ነፃ? አብረሽኝ ትፍቂያለሽ። መሬቱ ግን የእኔ ነው። ቤቱም የእኔ። የባልሽ በትርም አይገባበትም።»

ድንቅቱ አሰበች። «ችግኙ በእሱ እጅ ከገባ ገበያ ይወጣል።»

«በአንቺ እጅ ነው የምሰጠው።»

«እሺ» አለች ድንቅቱ። ቀጥላም «ግን የሁለት ሴት እሺታ ምን ያደርጋል? እሱ ሙለታን ሽማግሌ አድርጎ ሊጠራብሽ ነው። አንቺስ ማንን ትጠሪያለሽ?»

«ወንዶቹን ሁሉ ጠይቄያለሁ። አንዱ እግሬን አለ፣ አንዱ ሠርግ አለብኝ አለ። አንዱማ ገና ሳልጠይቀው ታመመ።»

«ሙለታን ፈርተው ነው።»

«ፈርተው ነው።» ኡርጌ ቀና ብላ ከድንቅቱ ሻሽ ሥር የወጣውን ሽበት አየች። አየችና አየችና እንደገና ወደ ሥራዋ አቀረቀረች። «ሽማግሌ የሚያሰኘው ለመሆኑ ምንድን ነው ድንቅቱ? ሽበቱ ነው ወይስ ሱሪው?»

ድንቅቱ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት መፋቂያው ከእጇ ወደቀ።

በእሑዱ ረፋድ ሁሉም ከኮሶው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የወንጪ ሰው የሚታረቀው እዚያ ነው፤ ውስጥን የሚያጸዳ መራራ ነገር ከኮሶ ዛፍ በቀር የትም አይገኝም።

በመካከል የተቀመጡት ኦቦ ባይሳ ናቸው። እኒህ ሰው አምና የፊውዳል ርዝራዥ ተብለው ከስብሰባ ተባርረዋል፤ ዘንድሮ ተጨባጩ ሁኔታ ተለውጦ ተጠርተዋል። ስባረርም ስጠራም ያው ቡልኮዬን ነው የለበስኩት ይላሉ። ድሃም አይወዱ፣ ሀብታምም አይወዱ፤ የሚወዱት ልማድ ብቻ ነው። ልማዱ ካዘዘ የገዛ አያታቸውን ከመቃብር ጠርተው ያስጠይቃሉ። ለቦጂያም ለኡርጌም የማያዳሉት በደግነት አይደለም፤ ሁለቱም እኩል ስለሚያሰለቿቸው ነው።

ልማዱ ይህ ነው። ሁለቱ ባላጋራዎች አንድ አንድ ሽማግሌ ይጠራሉ፤ መካከለኛው ይዳኛል። ሁለተኛው ከመጥራቱ በፊት ግን ሁለቱም ለምለም ሣር ይጨብጡና ይምላሉ፤ «ባላጋራዬ የጠራውን ተቀብያለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ያሉትን እሺ ብያለሁ» ብለው። ሣር ይዞ የማለ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ማሳው ላይ ሣር አይበቅልለትም፤ ከዚያ ወዲያ ሬሳውን እንኳ የሚሸከምለት ጎረቤት አያገኝም።

ቦጂያ አስቀድሞ ጠራ። «የእኔ ሽማግሌ ጓድ ሙለታ ነው።» ሙለታ ሸንጎውን በኮቱ ኪስ ከትቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ከዘራ ይዞ ቀረበ። ያልዳኘውን ነገር ሊያስታርቅ መጣ።

«ኤጋ፣ እንግዲህ ኡርጌ ሽማግሌዋን ከመጥራቷ በፊት ሣሩን ያዝ» አሉ ኦቦ ባይሳ ለቦጂያ።

ቦጂያ ዙሪያውን አየ። ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን ይመለከታሉ። ጫማ የሌለው ባዶ እግሩን። ደረቱን ነፋ፤ ሣሩን ከፍ አድርጎ ጨበጠ።

«ማንን ልትጠራ? ማን ሊቆምላት? የጠራችውን ተቀብያለሁ! ከፈለገች ጅብ ትጥራ፣ ጅቡንም ተቀብያለሁ! ሽማግሌዎቹ ያሉትንም እሺ ብያለሁ!»

«ተሰማ?» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«ተሰማ!» አለ ሰው።

ኡርጌም በተራዋ ሣር ጨብጣ ማለች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«የእኔ ሽማግሌ ድንቅቱ ናት።»

ድንቅቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማንንም ሳታይ ሄዳ ከሙለታ አጠገብ ተቀመጠች። ሙለታ ተሸማቆ ፈቀቅ አለ።

ከዚያ የተነሣውን ሁካታ ሐይቁ ላይ ጀልባ የሚቀዝፉት ሳይቀሩ ሰሙት።

«ሴት ናት!» አለ ሙለታ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ኡርጌ፣ «ሴት ከወንድ እኩል ናት ብለህ ሰኞ ዕለት አላስጨበጨብከንም? መዳፌ እስካሁን ያመኛል።»

«ያ... ያ በመርህ ደረጃ ነው!»

«መርሁን አላየሁትም። ደረጃውን አሳየኝና ልውጣው።»

«ሚስቴ ናት!» ብሎ ጮኸ ቦጂያ። «ሚስቴ እኮ ናት ኦቦ ባይሳ! ሰው በገዛ ሚስቱ ይዳኛል?»

ኦቦ ባይሳ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ልማዱን ሲያገላብጡ ይታወቅባቸዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ጠሪ የገዛ ወገኑን አይጠራም» አሉ በመጨረሻ። «ይህ የታወቀ ነው። ያዳላልና። ይህች ግን የባላጋራዋን ወገን ነው የጠራችው። ይህን አባቶቻችን አልከለከሉም።» ጨመሩም፤ «እንዲህ ያለ ደፋር ይመጣል ብለው ስላላሰቡ ይሆናል።»

«ግን ኦቦ...»

«ቦጂያ፣ ጅብም ቢሆን ተቀብያለሁ ብለህ ሣር ጨብጠሃል። አሁን ንገረኝ፤ ሚስትህ ከጅብ ታንሳለች?»

ቦጂያ አፉን ከፈተ። ድንቅቱን አያት። ድንቅቱ እጇን አጣምራ፣ ራሷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ መልሱን ትጠብቅ ነበር። ቦጂያ አፉን ዘጋ።

ነገሩ ተጀመረ። ቦጂያ ስለ ወንድሙ አጥንት፣ ስለ አባቶቹ ደም፣ ስለ ዘር መሬት ተናገረ። ሙለታ ደግሞ ስለ ምርት ኃይሎች ተናገረ፤ ማንም አልገባውም፣ እሱም ጭምር። ኡርጌ አጭር ነበረች፤ «የተከልኩት እኔ ነኝ፤ የምኖርበት እኔ ነኝ። ባል ሞተብኝ እንጂ እኔ አልሞትኩም። የሚወረሰው የሞተ ሰው ነው።»

ከዚያ ድንቅቱ ጠየቀች።

«ኦቦ ቦጂያ» ስትል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ባሏን እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅማ። እሷ አልሳቀችም። «ይህችን ሴት ከወረስክ ቤቷን ታድሳለህ?»

«አድሳለሁ እንጂ።»

«ጣሪያው ቢያፈስ ትከድናለህ?»

«እከድናለሁ!»

«የእኛ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ልጆቹ በውሃው ልክ ቦታ እየቀያየሩ ነው የሚተኙት። አንዱን ጣሪያ ያልከደነ ሰው ሁለተኛ ጣሪያ ምን ሊያደርግለት ነው?»

«ድንቅቱ፣ ቤት ስንገባ...»

«ቤት ስንገባ ሚስትህ ነኝ። እዚህ ሽማግሌ ነኝ። መልስ!»

ቦጂያ ወደ ሙለታ ዞረ። ሙለታ ሊመልስለት ተነሣና «የቤት ችግር አገር አቀፍ ነው» አለ። ኦቦ ባይሳ በከዘራቸው ቁጭ በል የሚል ምልክት ሰጡት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገለል ብለው መከሩ። የሙለታ ድምፅ አንድ ጊዜ ከፍ አለ፤ ከዚያ የድንቅቱ ከፍ አለ፤ ከዚያ የሙለታ አልተሰማም። ሲመለሱ ሊቀመንበሩ የተፋቀ እንሰት መስሎ ነበር፤ ጭማቂው ወጥቶ ቃጫው የቀረ።

ኦቦ ባይሳ ውሳኔውን ተናገሩ። ቤቱም፣ የገብሱ መሬትም፣ እንሰቱም የኡርጌ ነው። ቦጂያ በትሩን ይዞ ደጇን አይረግጥም፤ ከብቱንም አይሰድም። ኡርጌ በበኩሏ ለሟች ወንድም ቤት ንጹሕ ችግኝ ትሰጣለች፤ ችግኙ በድንቅቱ እጅ ይገባል፤ እስኪደርስ ሁለቱ ሴቶች አብረው ይፍቃሉ፣ አብረው ይበላሉ። የገብሱን መሬት ቦጂያ ያርስላታል፤ ገለባው ለከብቱ ይሁን።

ቦጂያ ገለባውን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ድል የተነሣ ሰው ቢያንስ ገለባ ይዞ ካልገባ ጎረቤት ምን ይለዋል?

«ኤጋ» አሉ ኦቦ ባይሳ፤ «አሁን ሁለታችሁም አጥፍቻለሁ በሉ፤ ሣሩን ልበትን።»

ይህም ልማድ ነው። በእርቅ አንዱ በዳይ፣ አንዱ ተበዳይ ሆኖ አይሄድም። ሁለቱም አጥፍቻለሁ ይላሉ፤ ያኔ ሣሩ ይበተናል፤ ነገሩ ይሞታል። አንዱ እምቢ ካለ ግን እርቁ ፈረሰ፤ ነገሩ ወደመጣበት ይመለሳል። ወደመጣበት ማለት ወደ ሸንጎው፤ ሸንጎው ማለት ሙለታ።

ቦጂያ ወደ መሬት እያየ፣ «አጥፍቻለሁ» አለ። ቶሎ አለው፤ ገለባው እንዳያመልጠው።

ሁሉም ወደ ኡርጌ ዞረ።

«አላጠፋሁም» አለች።

«ልማድ ነው ኡርጌ» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«አውቃለሁ። በትር የጣለብኝ እሱ፣ በሬ የለቀቀብኝ እሱ፣ አጥፍቻለሁ የምለው እኔ?»

«እሱም ብሏል።»

«እሱማ ያጠፋውን ነዋ ያለው!»

ሙለታ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ቆቡን ከኪሱ አውጥቶ አቧራውን አራገፈ። ሸንጎው በማግስቱ ይቀመጣል፤ እዚያ ደግሞ ሚስት ሽማግሌ ሆና አትቀመጥም። ኡርጌ ፈገግታውን አየችው። ቤቷ፣ መሬቷ፣ ያ ሁሉ እንሰት በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበረ ያኔ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ድንቅቱ ጠጋ አለቻት። «በይው» አለች በሹክሹክታ። «ቃል ብቻ እኮ ነው።»

«ቃል ብቻ ከሆነ እሱ በእኔ ፋንታ ይድገመው።»

«አንቺ ደረቅ! ለእንሰቱ ስትይ!»

ኡርጌ ወደ ጓሮዋ አቅጣጫ አየች። ነፋሱ የኮሶውን ቅጠል አንቀሳቀሰ። አንዱ ሽማግሌ መሳይ ከኋላ «እነዚህ የቆላ ሰዎች...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም፤ ኡርጌ ቀና ብላ ወደ ፊት ወጥታ ነበርና።

«እሺ። አጥፍቻለሁ» አለች።

ሰው ተነፈሰ። ኦቦ ባይሳ እጃቸውን ወደ ሣሩ ሰደዱ።

«አልጨረስኩም» አለች ኡርጌ። «ያጠፋሁትን ልናገር። ሸንጎ ሄጄ የራሴን መሬት ስጡኝ ብዬ ለምኛለሁ። አምቦ ወርጄ፣ ሻይ የሚጠጣ ሰው ፊት ቆሜ፣ እባክዎ ብያለሁ። በእጄ የተከልኩትን፣ እባክዎ! ጥፋቴ ይህ ነው። ሌላ የለኝም። ይህንንም ሁለተኛ አልደግመውም፤ እናንተው ምስክር ሁኑኝ።»

ሙለታ ብድግ አለ። «ይህ አጥፍቻለሁ ማለት አይደለም! ይህ ሸንጎውን መዝለፍ ነው!»

ኦቦ ባይሳ ከንፈራቸው እንደገና ተንቀሳቀሰ። ልማዱን ዳር እስከ ዳር ፈተሹት። አጥፍቻለሁ ይበሉ ይላል። ምን እንዳጠፉ ሽማግሌ ይምረጥላቸው አይልም።

«አጥፍቻለሁ ብላለች» አሉ። «ሰምተናል።» ሣሩን በጥሰው በተኑት። ለውሳኔው ሲሉ ይሁን አምና ለተባረሩበት ሲሉ አይታወቅም፤ ግን ከበተኑት ሣር ብዙው ሙለታ ኮት ላይ አረፈ።

ሰው ተነሣ። ወንዶቹ ጎናቸው ደረቅ መሬት ላይ የዋለ ያህል እየተንጠራሩ፣ ነገሩን ገና ከአሁኑ እያሳመሩ ተበተኑ። ቦጂያ ወደ ቤቱ ሊያቀና ሲል ኡርጌ አስቆመችው።

«ወዴት ነው ዋርሳዬ? ችግኙስ?»

«ነገ ድንቅቱ ትምጣ።»

«በድንቅቱ እጅ ይገባል ተባለ እንጂ በድንቅቱ ጀርባ ይሄዳል አልተባለም። ዛሬውኑ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ቦጂያ ዞር ብሎ ኦቦ ባይሳን ፈለገ። ኦቦ ባይሳ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዱ ነበር። ሚስቱን ፈለገ። ድንቅቱ ከኡርጌ ጎን ቀድማ ወደ ጓሮው እየወረደች ነበር።

ተከተላቸው። ከአጥሩ ደጃፍ ሲደርስ ቆመ፤ በእጁ በትሩ ነበር። ኡርጌ በትሩን አየችው፤ ቆማ ጠበቀች። ቦጂያ በትሩን ውጭ፣ መሬት ላይ አስቀምጦ ገባ።

መቆፈሪያ አቀበለችው።

«ከሥሩ ራቅ ብለህ ቆፍር» አለችው። «ቢቆረጥብህ ሌላ አልሰጥህም።»